ምዕራፍ ስድስት፦ ከመጋረጃው ወዲያ የሚደረገው

በደብረ ታቦርና በእብናት አገር፣ ራሱን ያመመው ወይም ወባ የያዘው ሰው ሕመሙን ለመንገደኛ እንኳ ሳይሸሽግ የሚናገር ሲሆን፣ ሕማሟ ከወገቧ በታች የሆነባት ሴት ግን፣ ደዌዋ ከሌላው ሁሉ የከፋ ቢሆንም፣ ለባሏ ሳትነግር፣ ለእናቷ ሳትገልጥ፣ ለነፍስ አባቷም በኑዛዜ ጊዜ ሳታነሣው፣ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ተሸክማው ትኖራለች። ይህን ዝምታ ሰው ሁሉ እፍረት ይለዋል፤ እፍረትም አለበት። ከእፍረቱ የሚበልጠው ግን ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፍርሃቱም የመጣው ሐኪሙ ከመጋረጃው ወዲያ ምን እንደሚያደርግ፣ በምን መሣሪያ እንደሚያደርግ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና በኋላ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው ስለሌለ ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ የማሕፀን ምርመራና የማሕፀን ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚፈጸም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ማንበብ የምትችል ልጅም ለእናቷ ብታነብላት ደስ ይለኛል።

በወንጌል የተጻፈችው፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት፣ ያላትን ገንዘብ ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ከጨረሰች በኋላ በሕዝቡ መካከል ተሰውራ የጌታን የልብሱን ጫፍ ለመንካት መምጣቷን ካህናቱ በየዓመቱ ያነብቡልናል። የእኛ አገር ሴት ይህን ታሪክ ስትሰማ ስለ ራሷ እንደ ተነገረ ዐውቃ ታለቅሳለች። ደም የማያቋርጥላት ወይም ሽንቷን መቋጠር የተሳናት ሴት ራሷን ርኵስት አድርጋ ቈጥራ ከቅጽሩ በር ላይ ትቀራለች እንጂ ወደ ውስጥ ለመግባት አትደፍርም፤ ቅዳሴውንም የምትሰማው ከዛፍ ሥር ቆማ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት ከማንም አስቀድሞ የሚያያት ካህኑ ስለ ሆነ፣ ጸበሉን ሳያስተዋት «ልጄ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ» የሚል የነፍስ አባት ያገኘች እንደ ሆነ የመንገዱን ግማሽ ሄደች ማለት ነው።

መንገዱ በጠቅላላው እንዲህ ነው። በቀበሌው ጤና ኬላ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አትቀድድም፣ አትሰፋም፣ ነገር ግን ምልክቱን ታውቃለች፣ ትልካለችም። ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከእርሱም በላይ የደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ከደብረ ታቦር ደግሞ በአንድ ወገን የባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በሌላው ወገን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛሉ። የገንዘቡ ነገር ለሚያስጨንቃቸው ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የተባለው ሥርዓት በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ወረዳዎች አንዱ የዚሁ የደቡብ ጎንደር ወረዳ የሆነው ፎገራ እንደ ነበረ ላስታውስ። መዋጮውን የከፈለ ቤተሰብ የማመላከቻ ወረቀቱን ይዞ ከታች ወደ ላይ በሥርዓቱ መሄድ ይገባዋል፤ ወረቀት ሳይዙ በቀጥታ ባሕር ዳር መድረስ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያስጨረሰ ስሕተት ነው።

ሴቲቱ ከሐኪሙ ዘንድ በደረሰች ጊዜ ምርመራው የሚጀምረው በቃል ነው። በስንት ዓመቷ እንዳገባች፣ ስንት እንደ ወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ፣ ምጡ ምን ያህል እንደ ቆየ፣ የወር አበባዋ መቼ እንደ ታየ፣ ሽንት ሳትወድ ያመልጣት እንደ ሆነ ይጠይቋታል። እነዚህን ጥያቄዎች ባልና አማት በተቀመጡበት መጠየቅ ከንቱ ስለ ሆነ፣ አስተዋይ ነርስ ሌሎቹን በትሕትና ወደ ውጭ ትሸኛቸዋለች። ቀጥሎ ሽንቷን ሸንታ እንድትመጣ ይነግሯታል፤ ይህም የሞላ ፊኛ ማሕፀኑን ስለሚጋርድና በእጅ ሲጫኑትም ስለሚያም ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ባለው አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቶቿን ታጥፋለች፤ ከወገቧ በታች በአንሶላ ትሸፈናለች፤ ሐኪሙም ወንድ ከሆነ አንዲት ነርስ አጠገቧ ትቆማለች። ሴት ሐኪም ወይም ሴት አዋላጅ ትየኝ ብላ መጠየቅም መብቷ ነው።

ስፔኩለም የሚባለው መሣሪያ ሁለት ለስላሳ ከንፈሮች ያሉት ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ነገር ሲሆን፣ ተዘግቶ ይገባና በውስጥ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ በዚያን ጊዜ የማሕፀኑ በር በመብራት ይታያል። ብረቱ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ጥሩ ነርስ በሞቀ ውሃ ታሞቀዋለች። «እማማ፣ አይዞዎት፤ ትንፋሽዎን ሳብ አድርገው ቀስ ብለው ይልቀቁት» ስትላቸው እንደ ተባሉት ያደረጉ እናት ሕመም ሳይሆን መጫን ብቻ ይሰማቸዋል፤ ሰውነታቸውን ያጠነከሩ እንደ ሆነ ግን ያማቸዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ጓንት ባጠለቀ እጁ ሁለት ጣቱን በውስጥ፣ ሌላውን እጁን በሆድ ላይ አድርጎ የማሕፀኑን መጠን፣ ቦታና እብጠት ካለው ያንን በሁለቱ እጆቹ መካከል ይለየዋል። ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ወንድ ለማታውቅ ልጃገረድ በስፔኩለም መመርመር የተለመደ አይደለም፤ ለእርሷ በሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ይበቃል፤ ስለዚህ «ድንግልናዋን ያጠፉባታል» ብሎ የታመመችን ልጅ ቤት ማስቀረት መሠረት የሌለው ፍርሃት ነው።

የስፔኩለም ታሪክ ግን ሊነገር ይገባዋል፤ እኔም ሳልናገረው ማለፍ አይሆንልኝም። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ከስፔኩለም ዓይነቶች አንዱን የፈለሰፈው ማሪየን ሲምስ የተባለ ሐኪም በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1849 ድረስ በወሊድ ምክንያት ሽንታቸው የሚፈስሳቸውን ሴቶች ቀዶ ለመፈወስ ሲሞክር የኖረ ሲሆን፣ የሞከረባቸው ሴቶች አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የሚባሉትና ሌሎችም፣ እምቢ ለማለት ሥልጣን ያልነበራቸው ባሮች ነበሩ። አናርካ የተባለችው ወጣት ብቻዋን ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ያለ ማደንዘዣ ተቀድዳለች። በመጨረሻ ሐኪሙ በብር ክር ሰፍቶ ቀዳዳውን ሲዘጋው ዓለም አመሰገነው፤ ሐውልትም ቆመለት፤ በኒው ዮርክ የቆመውም ሐውልት በ2018 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር ከቦታው ተነሣ። ዛሬ በእብናት ወይም በደብረ ታቦር አንዲት እናት በነርስ እጅ ተይዛ፣ ተጠይቃና ተስማምታ የምትመረመርበት ጥበብ የተከፈለበት ዋጋ በእነዚያ ሴቶች ሥጋ ነው፤ ስለዚህ ስማቸው ከሐኪሙ ስም አስቀድሞ መጠራት ይገባዋል እላለሁ።

ከምርመራዎቹ ሁሉ ለእያንዳንዷ ሴት የሚያስፈልገው፣ ጤነኛ ነኝ የምትለውም ሳትቀር ልታደርገው የሚገባት፣ የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው። ይህ ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ቦታ የያዘ ሲሆን፣ የሚነሣውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፈውና ኤች ፒ ቪ ከሚባለው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ በብዙዎቹ ሴቶች በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ በጥቂቶቹ ግን እየቆየ የማሕፀኑን በር ቆዳ ቀስ በቀስ ይለውጠዋል፤ ለውጡ ካንሰር እስኪሆን ድረስም አብዛኛውን ጊዜ ከዐሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ይህ ረጅም ዘመን የምሕረት ጊዜ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ያገኙት ነገር ካንሰር ከመሆኑ በፊት በአንድ ቀን ይወገዳል።

ምርመራው የሚደረገው ሁላችንም በምናውቀው ነገር ነው። ነርሷ በስፔኩለሙ የማሕፀኑን በር ከገለጠች በኋላ፣ ከሦስት እስከ አምስት በመቶ ሆኖ በተበጠበጠ አሴቲክ አሲድ፣ በሰላጣ ላይ በምናውቀው በአቼቶ ዓይነት ፈሳሽ ማለት ነው፣ የተነከረ ጥጥ ታስነካዋለች፤ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ከዚያ በመብራት ትመለከታለች። ጤነኛው ሥጋ እንደ ነበረ ሮዝ ሆኖ ይቆያል፤ የተለወጠው ሥጋ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ በቀር ምንም የለም፤ ላቦራቶሪ መጠበቅ የለም፤ ከሩቅ ለመጣች ሴት ውጤቱን በዚያው ሰዓት ሰምታ መሄድ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አቼቶውን ከገበያ ገዝቶ በቤት የሚሞክር ሰው ጉዳት እንጂ ጥቅም አያገኝም፤ የሚያየው ዐይን የሠለጠነ መሆን አለበት። ነጩ ነገር የታየባትና ለዚህ የምትሆን ሴት በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ትታከማለች፤ በጋዝ የሚቀዘቅዝ ብረት ለሦስት ደቂቃ ይጫናል፣ አምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ እንደ ገና ሦስት ደቂቃ ይጫናል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ይህንኑ በሙቀት የሚሠራ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ መጥቷል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ይህም ቁስሉ መዳኑ እንጂ በሽታ አይደለም፤ እስኪደርቅም ድረስ ከባል መለየት ያስፈልጋል። ለመመርመር የታዘዘው ዕድሜ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለው ሲሆን፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት ግን ዕድሜዋን ሳትጠብቅ ትመረመራለች። ለልጆቻችን ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የኤች ፒ ቪ ክትባት በየትምህርት ቤቱ ከ14 ዓመት ልጃገረዶች በመነሣት በአገሪቱ ተጀምሯል፤ ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ውሸት ነው።

አልትራሳውንድን ዛሬ የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ በሆድ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ተቀብቶ የሚያልፍ የድምፅ ማዕበል ነው፤ ጨረር የለውም። የግላስጎው ከተማው ሐኪም ኢያን ዶናልድ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1958 ለሐኪሞች ያስታወቀው፣ መጀመሪያ የብረታ ብረትን ስንጥቅ ለመፈለግ ይሠሩበት የነበረውን መሣሪያ ወደ ሴት ሆድ በማዞር ነው። በገጠር ሆስፒታል ከሁሉ ይልቅ ነፍስ የሚያድነው ግን ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰውን ፅንስ በማግኘት ነው። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ድንገት በአንድ ወገን ሆዷን ቆርጦ ቢይዛት፣ ራሷን ቢያዞራትና ብትወድቅ፣ ትከሻዋንም ቢያማት፣ ነገሩ ሆድ ቁርጠት ነው ብሎ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ ፅንሱ ያረፈበት የእንቁላል ቱቦ ፈንድቶ ደሙ በሆዷ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። በዚያች ሌሊት በቃሬዛም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሷት እንደ ሆነ ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ የተቀደደውን ቱቦ ቈርጦ ያወጣል፤ ሁለተኛው ቱቦ ጤነኛ ከሆነም ወደ ፊት መውለድ ትችላለች።

ስለ ጠረጋ ሰው ብዙ ያወራል፤ አብዛኛውም ወሬ ሴቶችን ያስፈራራል። ፅንስ የወረደባት ሴት፣ በማሕፀኗ የቀረ ነገር ካለ፣ ደሙ አይቆምላትም፤ የቀረውም ነገር ይመርቅዛል። የዛሬው ጠረጋ በእጅ የሚሳብ ትልቅ ስሪንጅ ነው፤ በማሕፀኑ በር ላይ የማደንዘዣ መርፌ ተወግቶ፣ ቀጭን ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ገብቶ የቀረውን ይስባል፤ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሆዷን እንደ ወር አበባ ቁርጠት አድርጎ ያማታል። በብረት መፋቅ የቀድሞ ዘመን አሠራር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በስሪንጁ እንዲተካ መክሯል። መካን የሚያደርገው በንጹሕ እጅ የተደረገ ጠረጋ ሳይሆን ሳይጠረግ የቀረው ምርቀዛ ነው። የወር አበባ ከቆመ ከዓመት በኋላ እንደ ገና ደም የታያት እናት ደግሞ «ልጅነቴ ተመለሰ» ብላ እንዳትሥቅ እለምናለሁ፤ ከማሕፀኗ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ጥቂት ሥጋ ተወስዶ ሊመረመርላት ያስፈልጋል፤ ካንሰር በዚህ መንገድ አስቀድሞ ራሱን ይገልጣልና።

ሆድ ስለሚከፈትበት ቀዶ ሕክምና ስጽፍ ጄን ቶድ ክሮፎርድ የተባለች የኬንታኪ ሴት ትዝ ትለኛለች። ሆዷ ስላበጠ መንታ አርግዛለች ተብላ ስትጠበቅ፣ ኤፍሬም ማክዶዌል የተባለ የገጠር ሐኪም እርግዝና አለመሆኑን፣ የእንቁላል ማኅደሯ እጢ መሆኑን ነገራት፤ ቢቀደድ ምናልባት ልትድን እንደምትችል፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት ማንም እንዳልሞከረው ሳይደብቅ ገለጠላት። እርሷም በፈረስ ተቀምጣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዛ ወደ ቤቱ መጣች፤ በአውሮጳውያን የልደት በዓል ቀን በ1809 ማደንዘዣ ባልተፈጠረበት ዘመን በጠረጴዛ ላይ ተኝታ፣ መዝሙረ ዳዊት እየደገመች ይባላል፣ በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ዐሥር ኪሎ የሚመዝን እጢ ወጣላት። ከዚያም በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖረች። ዳዊቷን ይዛ በበቅሎ ከቆላ የምትወጣ የእኛ አገር እናት ከዚህች ሴት በምን ታንሳለች? የምትለየው ማደንዘዣና ደም የሚሰጥ ሰው ስላላት ብቻ ነው።

ማሕፀን የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ደም የሚያፈስሰው ማዮማ የተባለው እጢ ሲበዛ፣ ካንሰር ሲገኝ፣ ወይም ማሕፀኑ ከቦታው ሲወርድ ነው። ሴቶች የሚፈሩት «ሴትነቴ ይጠፋል» ብለው ነው። ማሕፀን ሲወጣ የወር አበባና መውለድ ይቀራሉ፤ የሴትነት ንጥረ ነገር የሚመነጨው ግን ከእንቁላል ማኅደሮቹ ስለ ሆነ፣ እነርሱ ካልተነኩ ሴቲቱ እንደ ነበረች ትኖራለች። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የታዘዘላት ሴት ከመፈረሟ በፊት «እንቁላል ማኅደሬንም ታወጡታላችሁ ወይ? ማሕፀኔን ትታችሁ እጢውን ብቻ ማውጣት አይቻልም ወይ?» ብላ ትጠይቅ። መውለድ ለምትፈልግ ሴት እጢውን ብቻ ማውጣት ብዙ ጊዜ ይቻላል። በፊርማው ወረቀት ላይ አውራ ጣቷን የምታሳርፈው እርሷ ናት፤ ወረቀቱም ተነብቦላት እንጂ ሳይነበብላት ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ማሕፀን መውረድ እመጣለሁ፤ በእኛ ደጋ የዚህን ያህል ተሰውሮ የሚኖር ሕማም ያለ አይመስለኝም። የሴት ዳሌ ወለል የተሠራው ከጡንቻና ከጅማት ሲሆን፣ ሁኔታው እንደ ጠፍር አልጋ ነው፤ አዲስ ሳለ ጠፍሩ ተወጥሮ የሚተኛበትን ሁሉ ይሸከማል፤ ብዙ ዓመት ሲተኙበትና ዝናብ ሲመታው ግን ይላላና ወደ ታች ይጎተታል። በልጅነት መዳር፣ ብዙ መውለድ፣ ረጅም ምጥ፣ ሥር የሰደደ ሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከወለዱ በኋላ ሳይጠነክሩ ማገዶና ውሃ መሸከም ያላሉታል። ቤተ ክርስቲያናችን ወንድ የወለደችውን አርባ ቀን፣ ሴት የወለደችውን ሰማንያ ቀን ከመቅደስ ታሳርፋለች፤ ሥርዓቱ የቆመው ስለ ሌላ ነገር መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ከቤተ መቅደስ የምታርፈው አራስ ከእንስራውና ከጀሪካኑም ያን ያህል ቀን ብታርፍ ኖሮ ከዳገት በታች ካለው ምንጭ ውሃ ስታወጣ ማሕፀኗ የወረደባት ሴት ቁጥር ባነሰ ነበር። ይህን የምለው ለሴቶቹ አይደለም፤ ለባሎችና ለአማቶች ነው።

ማሕፀኑ በመጀመሪያ ጥቂት ይወርዳል፤ የክብደት ስሜት ይሰማል እንጂ አይታይም። በኋላ ስትቆም ይወጣል፣ ስትተኛ ይመለሳል። በመጨረሻው ደረጃ ሁልጊዜ በውጭ ይኖራል፤ ልብስ እያሻሸው ይቈስላል፤ ሽንት ለመሽናት በእጇ ወደ ላይ መግፋት ግድ ይሆንባታል። በመጀመሪያው ደረጃ ያለች ሴት የዳሌ ጡንቻዎቿን እንደምትቋጥር አድርጋ እያጠበቀች መልቀቅን ብትለማመድ ይረዳታል። በመካከለኛው ያለች ሴት ደግሞ ፔሳሪ የሚባለውን፣ ከሲሊኮን የተሠራ የቀለበት ቅርጽ ያለው መደገፊያ ልትጠቀም ትችላለች፤ በመጠኗ ተለክቶ ይገባል፤ እርሷም አውጥታ በሳሙና አጥባ መመለስ ትማራለች። ቀዶ ሕክምና የማይሆንላት አሮጊት ወይም ገና ልትወልድ የምትሻ ሴት በዚህ ብዙ ዓመት ትኖራለች።

ሙሉ በሙሉ ለወጣባት ሴት ግን ቀዶ ሕክምናው ይህ ነው። ቁስል ካለው አስቀድሞ በመድኃኒት ይደርቃል። በቀዶ ሕክምናው ቀን ሳትበላና ሳትጠጣ ትገባለች፤ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ ትራስ ታቅፋ፣ ጀርባዋን ቆልመም ታደርጋለች፤ በአከርካሪዋ አጥንቶች መካከል በቀጭን መርፌ ማደንዘዣ ይሰጣታል። እግሮቿ መጀመሪያ ይሞቋታል፣ ቀጥሎ ይከብዷታል፣ ከዚያም የእርሷ እንዳልሆኑ ያህል ይደነዝዛሉ፤ እርሷ ግን ነቅታ የሐኪሞቹን ንግግር ትሰማለች፤ ብትፈልግ ጸሎቷን ታደርሳለች። ሆዷ አይቀደድም። ሐኪሙ በታች በኩል የማሕፀኑን ማሠሪያ ጅማቶችና የደም ሥሮች አንድ በአንድ እያሠረ ይቈርጣል፤ ማሕፀኑን ያወጣል፤ የላላውን የፊትና የኋላ ግድግዳ አጥብቦ ይሰፋል፤ ላይኛውንም ጫፍ እንደ ገና እንዳይወርድ ከጠንካራ ጅማት ጋር ያያይዘዋል። ማሕፀኑን ማቆየት ለምትፈልግ ደግሞ ሳያወጡ ወደ ላይ አያይዞ መስፋት የሚቻልበት ጊዜ አለ። በሽንት መውጫዋ ቱቦ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል፤ በውስጥ የተደረገው ጨርቅ በማግስቱ ይወጣል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስድስት ሳምንት ከባሏ ትለያለች፤ ሦስት ወር ከባድ ነገር አትሸከም፤ ውሃውን ባልየው ይቅዳ፣ ማገዶውንም እርሱ ያምጣ፤ ይህ ካልሆነ የሐኪሙ ድካም ይፈርሳል።

ፊስቱላን የመጨረሻ ያደረግሁት ከሁሉ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል፤ ሕፃኑም ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሞታል፤ ከወሊዱ በኋላ በቀናት ውስጥ የሞተው ሥጋ ይወድቅና ቀዳዳ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሽንቱ ቀንም ሌሊትም ያለ ማቋረጥ ይፈስሳል። በዳሌ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭም አብሮ ይጎዳና እግሯ ተስቦ መራመድ እስኪያቅታት ድረስ ትደርሳለች። እዚህ ላይ ለጤና ጣቢያ ሰዎችና ለቤተሰብ አንድ ነገር ልናገር፤ ሽንት ማምለጥ በጀመረባቸው ቀናት ውስጥ ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣ ቱቦ ማለት ነው፣ ገብቶ ለሳምንታት ቢቆይላት፣ ትንሽ ቀዳዳ ያለ ቀዶ ሕክምና በራሱ ሊዘጋ ይችላል። ዓመት ከመጠበቅ ያን ሳምንት መፍጠን ይበልጣል።

ቀዳዳው የት እንዳለ ለማወቅ የሚደረገው ምርመራ ቀላልነቱ ያስደንቃል። ሦስት የጥጥ ጥቅሎች በብልቷ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ይደረጋሉ፤ በካቴተር ወደ ፊኛዋ ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ይገባል፤ ጥቂት ትራመዳለች፤ ከዚያ ጥጦቹ በየተራ ይወጣሉ። መካከለኛው ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው በፊኛው ላይ ነው። የታችኛው ብቻ ሰማያዊ ቢሆን ቀዳዳው በሽንት መውጫው በኩል ነው። የላይኛው ረጥቦ ሰማያዊ ካልሆነ ግን ሽንቱ የሚመጣው ከኩላሊት ከሚወርደው ቧንቧ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ለዓመታት «እርግማን ነው» እየተባለች የኖረች ሴት ሕማሟ በጥጥ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ራሷ በዐይኗ ታየዋለች።

ይህን ሕማም በአገራችን ለማከም የመጡት ባልና ሚስት፣ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን፣ በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሱት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። የገቡበት ሆስፒታል በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራ ነው፤ ልዕልቲቱ በእንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ፣ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ ከፅንስ ጋር በተያያዘ ሕመም በለቀምት ያረፈች የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት፤ ቤተ መንግሥትም ሆነ ነርስነት ከዚህ ሞት አላዳናትም። ሃምሊኖች ለሦስት ዓመት የተዋዋሉትን ዕድሜያቸውን ሙሉ አደረጉት፤ በ1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ ዶክተር ካትሪንም በመጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከዚህ አልሄዱም። ሃምሊኖች ሥራቸውን ከጀመሩ ወዲህ ከስድሳ ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል። ለእኛ ለጎንደርና ለጎጃም ሰዎች የሚቀርበው በባሕር ዳር ያለው ማዕከል ሲሆን፣ ከአምስቱ የክፍለ ሀገር ማዕከሎች የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው። ከታማሚነት ወደ ሐኪምነት ያደገችው ማሚቱ ጋሼም ራሷ በልጅነቷ ፊስቱላ ደርሶባት ወደ ሃምሊኖች የመጣች ናት፤ ከአልጋ ማንጠፍ ጀምራ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ እየረዳች፣ የመደበኛ ትምህርት በር ሳትረግጥ ራሷ የምትቀድድ ሆነች፤ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅም በአውሮጳ አቆጣጠር በ1989 ከሃምሊኖች ጋር አከበራት።

ቀዶ ሕክምናው በጀርባ ማደንዘዣ በታች በኩል ይደረጋል፤ ፊኛው ከብልቱ ግድግዳ ቀስ ብሎ ይለያል፤ ጠባሳው ይነሣል፤ ቀዳዳው ሳይወጠር ይሰፋል፤ ሐኪሙም በዚያው ገበታ ላይ ሰማያዊውን ውሃ አስገብቶ መዘጋቱን ይፈትናል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ካቴተሩ ይቆያል፤ እርሷም ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፤ ቱቦው እንዳይታጠፍና እንዳይዘጋ ነርሶቹ ሌሊቱን ሁሉ ይጠብቃሉ፤ የተዘጋ ቱቦ ስፌቱን ያፈርሰዋልና። ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ቀዳዳ ይዘጋል፤ ከሁሉም የተሻለ ዕድል ያለው የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ስለ ሆነ በለመደ እጅ መሠራት አለበት። ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ፤ ጨርሶ የማይድኑም አሉ፤ እንዲህ ላሉት በአዲስ አበባ አጠገብ ደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ ተሠርቶላቸዋል። እግሯ ለተሳበባትም የእግር እንቅስቃሴ ሕክምና አለ።

ስትወጣ ሦስት ነገር ይነግሯታል፦ ሦስት ወር ከባል መለየት፣ ከባድ አለመሸከም፣ እንደ ገና ካረገዘች ምጥ ሳይጀምራት ወደ ሆስፒታል መምጣትና በቀዶ ሕክምና መውለድ። ስለ ሕክምናዋ የሚመሰክር ወረቀትም ይሰጧታል፤ የተሠራላት ምን እንደ ሆነና መቼ እንደ ሆነ በላዩ ተጽፏል። ወረቀቱን ከመድኅን ደብተሯ ጋር በላስቲክ ጠቅልላ ታስቀምጠው፤ በቀበሌዋ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ታሳያት፤ በሚቀጥለው እርግዝና አዋላጇ የማታውቃት ብትሆን እንኳ ያንን ወረቀት አይታ አምቡላንስ መቼ እንደምትጠራ ታውቃለች።